ሐሚልተን የፈረመው ለየትኛው ዓመት ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ካለ ካፌ ተቀምጠን ፎርሙላ አንድ እናያለን። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ልዊስ ሐሚልተን መርሴዲስን ትቶ ወደ ፌራሪ ሄደ፤ የ2025ን የውድድር ዘመንም በአንድም ግራንድ ፕሪ (ዋና ውድድር) ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡት የሚቆሙበት መድረክ ላይ ሳይወጣ ጨረሰ። ጓደኞቼ ‹ገንዘብ አታለለው› ይላሉ፤ እኔ የምመልስላቸው አጣሁ። አንድ አሽከርካሪ ቡድን ልቀይር ወይስ ባለሁበት ልቆይ ሲል በምን ይመዝናል? እርስዎ አማካሪው ቢሆኑ ኖሮ ምን ይሉት ነበር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሂድ እለው ነበር። ግን አንድ ሰው ሳታስከትል እንዳትሄድ ብዬ አጥብቄ እነግረው ነበር። ሰውየው ማን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በል፤ የስፖርቱ መዝገብ የሚያዘው በዚያ ነው።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ እንዝጋው። ሐሚልተን መርሴዲስ ቤት ሳለም ከስፖርቱ ከፍተኛ ተከፋዮች አንዱ ነበር፤ ለእንጀራው ብሎ የሚሰደድ ሰው አይደለም። «ለእሱ የተከፈለው ለመኪናው ቢውል ኖሮ» የሚለው ክርክርም ውኃ አያነሳም። ከ2021 ጀምሮ አንድ ቡድን በዓመት የሚያወጣው ገንዘብ ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ ሲጀመር 145 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የአሽከርካሪዎች ደመወዝ ግን ከዚህ ጣሪያ ውጭ ነው። ፌራሪ ለሐሚልተን አንድ ብርም ባይከፍል ለመኪናው የሚያወጣው ከጣሪያው አያልፍም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የአሽከርካሪ ዝውውር እንደ እግር ኳስ ዝውውር አይታይም። አጥቂ ቡድን ሲቀይር ኳሷ ያችው ኳስ ናት፤ ሜዳውም ያው ነው። አሽከርካሪ ግን የሚዛወረው ገና ወዳልተሠራ መኪና ነው። ዛሬ በስክሪን የምታየው መኪና የተነደፈው ባለፈው ዓመት ነው፤ ከነደፉት ሰዎች አንዳንዶቹ ምናልባት ቡድኑን ለቀዋል። ዛሬ የሚፈርመው አሽከርካሪ ደግሞ የሚነዳው ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ የሚወጣውን ነው። ስለዚህ የነጥብ ሠንጠረዥ ተመልክቶ ቡድን የሚመርጥ አሽከርካሪ ያለፈ ዓመት የሎተሪ ቁጥር እንደሚቆርጥ ሰው ነው። መጠየቅ ያለበት «የትኛው ቡድን ፈጣን ነው?» ብሎ ሳይሆን «እኔ የምገዛው የትኛውን ዓመት ነው? በዚያ ዓመት በፋብሪካው ውስጥ ማን ይኖራል?» ብሎ ነው።

ይህን ከሐሚልተን የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ አንድ ጊዜ አድርጎት ያውቃልና። በሴፕቴምበር 2012 ማክላረንን ትቶ ወደ መርሴዲስ እንደሚሄድ ሲያስታውቅ አብዛኛው ሰው ሳቀበት። ማክላረን በ2008 ሻምፒዮን ያደረገው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገው ቡድን ነው። መርሴዲስ ደግሞ በ2010 በራሱ ስም ከተመለሰ ወዲህ ያሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ነበር፤ እሱንም ኒኮ ሮዝበርግ በ2012 ቻይና ላይ ያመጣው ነው። በዚያ ዓመት ማክላረን ሦስተኛ፣ መርሴዲስ አምስተኛ ሆነው ጨረሱ። ሠንጠረዡን ያየ ሰው ሁሉ ልጁ አበደ ቢል አይፈረድበትም።

ሐሚልተን ግን የ2014ን ሕግ ነበር የገዛው። በዚያ ዓመት ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ቀርቶ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቱርቦ ከኤሌክትሪክ ጋር ተጣምሮ እንደሚመጣ የታወቀ ነበር። የመርሴዲስ ቡድን መሪ የነበረው ሮስ ብራውንና የቀድሞው ሻምፒዮን ኒኪ ላውዳ ያሳመኑት በዚህ ነው፤ ሞተሩን የሚሠራው ራሱ መርሴዲስ ነው፣ ሥራውም ቀደም ብሎ ተጀምሯል። አንተ የመካኒካል ተማሪ ስለሆንህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በተለመደው ቱርቦ የጭስ ግፊት የሚያዞረው ተርባይንና አየር የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የአንዱ ግለት ወደ ሌላው ይሻገራል። መርሴዲስ ሁለቱን ለያያቸው። ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ፊት፣ ተርባይኑን ከኋላው አደረገና በሁለቱ የሲሊንደር መደዳዎች መካከል በሚያልፍ ረጅም ዘንግ አገናኛቸው፤ ከዘንጉ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ማሽን ሰካበት። የሚገባው አየር ቀዝቃዛ ሆነ፤ ማቀዝቀዣው አነሰ፤ ማቀዝቀዣው ሲያንስ የመኪናው ጎን ቀጠነ፤ ጎኑ ሲቀጥን ነፋሱ በተሻለ ሁኔታ አለፈ። እንግዲህ ከአንድ ዘንግ ምን ያህል ነገር እንደሚመዘዝ ተመልከት። በ2014 ከ19 ውድድሮች መርሴዲስ 16ቱን ወሰደ። ከዚያ እስከ 2021 ድረስ የቡድኖችን ዋንጫ ስምንት ጊዜ በተከታታይ ሲያነሳ፣ ማክላረን ሐሚልተን በሄደ ማግስት በ2013 አንድም ጊዜ መድረክ ላይ አልወጣም።

ተመሳሳይ ስሌት ሠርቶ የወደቀው ደግሞ ፈርናንዶ አሎንሶ ነው። የእሱን ታሪክ ከሐሚልተን ታሪክ አጠገብ ካላስቀመጥከው ስሌቱ ቀላል ይመስልሃል። አሎንሶ በ2014 መጨረሻ ፌራሪን ትቶ ወደ ማክላረን ሄደ፤ ማክላረን ከሆንዳ ጋር ሊሠራ ነበርና። ሐሳቡ ንጹሕ ነው፤ የራሱ ሞተር ሠሪ ያለው ቡድን ብቻ ነው መርሴዲስን የሚደርስበት። ሆንዳም የዋዛ ድርጅት አይደለም። ነገር ግን ማክላረን የመኪናው ወገብ እጅግ ቀጭን እንዲሆን ፈለገ። ሆንዳም ኮምፕሬሰሩን አሳንሶ በሲሊንደሮቹ መካከል ሸጎጠው። ትንሽ ኮምፕሬሰር የሚፈለገውን አየር ለማድረስ ከመጠን በላይ መፍጠን አለበት፤ ከጭሱ የሚሰበሰበው ኤሌክትሪክም አነሰ፤ ቀጥታው መንገድ ላይ ባትሪው ቀድሞ ያልቅ ነበር። (ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆነህ የምትማር ልጅ ቀጭን አየርና ትንሽ ኮምፕሬሰር ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ለማስላት ከማንም የተሻለ ምክንያት አለህ፤ ሞክረው።) አሎንሶ በ2015 በዓመቱ ያገኘው 11 ነጥብ ብቻ ነበር። በጃፓን፣ በሆንዳ በራሱ መም ላይ፣ ሞተሩን ከአንድ ደረጃ በታች ካለው ውድድር ሞተር ጋር አመሳስሎ በሬዲዮ ሲጮህ ዓለም ሰማው።

የሚያንገበግበው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሆንዳ በ2017 ሞተሩን እንደ መርሴዲስ አድርጎ ተርባይኑንና ኮምፕሬሰሩን ለያየ። ማክላረን ትዕግሥቱ አልቆ በዚያው ዓመት መጨረሻ አሰናበተው። ሆንዳ ወደ ቶሮ ሮሶ፣ ቀጥሎም በ2019 ወደ ሬድ ቡል ሄደ፤ በ2021 ማክስ ፈርስታፐን በሆንዳ ሞተር ሻምፒዮን ሆነ። አሎንሶ በሞተር ሠሪው ላይ የነበረው ግምት ትክክል ነበር፤ ዓመቱን ነው የሳተው። እንዲህ ዓይነቱን ስሕተት ማንም አማካሪ አስቀድሞ ሊያይልህ አይችልም። ሊያይልህ የሚችለው የመውጫ በር በውሉ ውስጥ መኖሩን ነው።

ወደ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 እንመለስ፤ ሐሚልተን ወደ ፌራሪ መሄዱ የተነገረበት ዕለት ነው። በዚያ ቀን ምን ይታወቅ ነበር? ባለፈው ዓመት መርሴዲስ በ409 ነጥብ ሁለተኛ፣ ፌራሪ በ406 ሦስተኛ ሆነዋል። ልዩነቱ ሦስት ነጥብ ነው፤ ከመኪና አንጻር ሁለቱ ቡድኖች እኩል ነበሩ ማለት ይቻላል። ሐሚልተን ራሱ ከዲሴምበር 2021 ወዲህ አንድም ውድድር አላሸነፈም። መርሴዲስ በ2023 የሰጠው ውል ለሁለት ዓመት ተብሎ ይነገር እንጂ የመጀመሪያው ዓመት ካለቀ በኋላ የሚወጣበት በር ነበረው። አንድ ቡድን ለ38 ዓመት ሰው አጭር ውል ሲሰጥ የሚያስበውን እኔም አንተም እናውቃለን፤ ከኋላው ወጣት እየተዘጋጀ ነው። በኋላ ቦታውን የወሰደው የ18 ዓመቱ አንድሬያ ኪሚ አንቶኔሊ ነው። በሌላው ወገን ፌራሪን ከ2023 ጀምሮ የሚመራው ፍሬድሪክ ቫስር ነው፤ ሐሚልተን በ2006 የጂፒ2 (ከፎርሙላ አንድ አንድ ደረጃ በታች ያለው ውድድር) ሻምፒዮን የሆነው በእሱ ቡድን ነው። በ2026 ደግሞ እንደ 2014 ሁሉ ሕጉ ከሥሩ ይቀየራል። ከጭስ ኤሌክትሪክ የሚሰበስበው ማሽን ይቀራል፤ ከኋላ ጎማ ጋር የተያያዘው ኤሌክትሪክ ሞተር ከ120 ኪሎዋት ወደ 350 ኪሎዋት ያድጋል፤ ክንፎቹም በጉዞ ላይ የሚንቀሳቀሱ ይሆናሉ። ሞተሩንና ሻሲውን (ከሞተሩ ውጭ ያለውን የመኪናውን አካል) በአንድ ግቢ የሚሠራ ቡድን እንዲህ ባለ ለውጥ ጊዜ ምን ጥቅም እንዳለው ሐሚልተን በ2014 በዓይኑ አይቷል።

ስለዚህ የተገዛው ዓመት 2026 ነው። 2025 የመግቢያ ክፍያ ነበር ማለት ይቻላል። ክፍያው ግን ከታሰበው በላይ ከበደ፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ውስጥ ብዙ ነገር ተደራረበ። የፌራሪን ሻሲ ይመራ የነበረው ኤንሪኮ ካርዲሌ በጁላይ 2024 ቡድኑን ለቆ ወደ አስተን ማርቲን አመራ። እሱን የተካው ሎይክ ሴራ ከመርሴዲስ ነው የመጣው፤ ሥራ የጀመረው ግን በኦክቶበር 2024 ነው። በፎርሙላ አንድ አንድ መሐንዲስ ተቀናቃኝ ቡድን ጋ ከመሄዱ በፊት የያዘው ምስጢር እስኪያረጅ ወራት ቤቱ ይቀመጣል። በኦክቶበር ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት መኪና አጥንቱ ያለቀ ነው። እንግዲህ ሐሚልተን በ2025 የነዳው የሄደ ሰው የጀመረውን፣ የመጣ ሰው ያልነደፈውን መኪና ነው። የሴራ እጅ ሙሉ በሙሉ የሚታየው በ2026 ነው።

በዚያ ላይ የመኪናው ቅርጽ በነፋስ የሚፈተንበት የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ሰዓት አለ፤ ሰዓቱ በሕግ የተገደበ ነው። ሻምፒዮን የሆነው ቡድን ከመደበኛው ሰዓት 70 በመቶ ብቻ ያገኛል፤ ከዚያ በደረጃ ወደ ታች በወረድህ ቁጥር አምስት አምስት በመቶ ይጨመራል፤ አሥረኛው 115 በመቶ ይደርሰዋል። ፌራሪ 2024ን በ14 ነጥብ ብቻ ከማክላረን አንሶ ሁለተኛ ስለጨረሰ ሰዓቱ ጠባብ ነበር። ቡድኖች የ2026ን መኪና በዋሻ መሞከር የተፈቀደላቸው ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ነው። ያችኑ ጠባብ ሰዓት ለሁለት ዓመት መኪና ማካፈል የግድ ሆነ። ቫስር በዓመቱ መጨረሻ ላይ እንደተናገረው ፌራሪ በኤፕሪል 2025 መጨረሻ ላይ የዓመቱን መኪና የነፋስ ሥራ አቁሞ ወደ 2026 ዞሯል። ለጓደኞችህ ይህንን ንገራቸው፦ ሐሚልተን ከሜይ ጀምሮ ይነዳ የነበረው ፋብሪካው ፊቱን ያዞረበትን መኪና ነው። እኔ አሽከርካሪ ብሆን ይህን ውሳኔ እቀበለዋለሁ። የጋዜጠኛ ማይክሮፎን ፊት ቆሜ በየሳምንቱ ማስረዳቱን ግን አልችለውም።

መኪናው ራሱ ምን ነበረበት? በማርች 22 ቻይና ላይ፣ እኛ ጋ ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሐሚልተን አጭሩን የስፕሪንት ውድድር ከፊት ተነሥቶ አሸነፈ። በማግስቱ በዋናው ውድድር ስድስተኛ ሆኖ ገባና ከውጤት ተሰረዘ። ከመኪናው ሆድ ሥር የተገጠመ ጣውላ አለ፤ ሲገጠም ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ነው፤ ከውድድር በኋላ ተለክቶ ከ9 በታች ከሆነ መኪናው መሬት ለመሬት ሄዷል ተብሎ ይሰረዛል። የእሱ ከ9 በታች ሆኖ ተገኘ። የእነዚህ መኪኖች ጉልበት ከወለላቸው ሥር ነው የሚመጣው፤ ወደ መሬት በቀረቡ ቁጥር መንገዱን ይይዛሉ። ያ መኪና ፈጣን የነበረው ዝቅ ሲል ነው፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ጣውላውን ይበላል። ከዚያ ወዲያ ከፍ አድርጎ መንዳት ግድ ሆነ፤ ከፍ ሲል ያው የሚታወቀው መሬት የመያዝ ችግር መጣ። አንድ ሚሊሜትር ያህል ነገር ነው እንግዲህ የውድድር ዘመን የሚያበላሸው።

ይህ ግን የፌራሪ አጋሩ የሻርል ሌክሌርም መኪና ነበር፤ ሌክሌር ደግሞ በዚያው ዓመት ሰባት ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ሁሉንም በመኪናው ማላከክ አንችልም። ቀሪው ያለው ፍሬኑ ላይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከጥያቄህ ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ነው።

ከአዲስ አበባ በጎሃ ጽዮን ወርደህ በደጀን የወጣህ ከሆነ ከባድ መኪኖች ዓባይ በረሃን እንዴት እንደሚወርዱ አይተሃል። ልምድ ያለው ሾፌር ማርሹን ቀንሶ በሞተር ይዞ ይወርዳል፤ ፍሬኑን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። አንዱን ሾፌር አውርደህ ሌላ መኪና ብትሰጠው፣ ፔዳሉ ያው ፔዳል ሆኖ ሳለ፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚይዝለት እስኪለምደው ድረስ እግሩ አያምንም። በፎርሙላ አንድ መኪና ላይ የኋላውን ጎማ የሚያቆሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የካርቦን ፍሬኑ፣ ኤሌክትሪክ የሚሰበስበው ሞተር የሚፈጥረው ተቃውሞ፣ እና የዋናው ሞተር መያዝ። የሦስቱን ድርሻ ኮምፒውተር ያከፋፍላል፤ እያንዳንዱ ቡድን ደግሞ የራሱ አከፋፈል አለው። ሐሚልተን ከማክላረን ጀምሮ ለ18 የውድድር ዘመናት በመርሴዲስ ሞተር ነው የነዳው። አነዳዱ ዘግይቶ በኃይል ፍሬን መያዝ ነው፤ ይህም በእግሩ ላይ ፍጹም መተማመን ይጠይቃል። ፌራሪ ውስጥ ሞተሩን ለፍሬን የሚጠቀሙበት መንገድ ለእሱ አዲስ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ፌራሪን ለዓመታት የነዳው ሌክሌር እግሩ ያንን ያውቀዋል። በማጣሪያ ዙር ላይ ሁለቱን የሚለያያቸው አንድ አምስተኛ ወይም አንድ አሥረኛ ሰከንድ የሚወለደው እዚያ ነው።

«ታዲያ ለምን አይለማመድም?» ትለኝ ይሆናል። ልምምድ የለማ። የዓመቱን መኪና ከውድድር ሳምንት ውጭ መሞከር ተከልክሏል። ከ2025 ውድድር በፊት የተፈቀደው ባሕሬን ላይ ሦስት ቀን ብቻ ነበር፤ ያውም ለቡድን አንድ መኪና ነው። ሁለት አሽከርካሪ ሲካፈለው ለአንድ ሰው ቀን ተኩል ይደርሰዋል። ሚካኤል ሹማከር በ1996 ወደ ፌራሪ ሲዛወር ቡድኑ በራሱ መም ላይ እንደልቡ ይሞክር ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የአሽከርካሪነቱን ዋንጫ ለማምጣት እስከ 2000 ጠብቋል። ሹማከር የጠበቀውን ያህል ለመጠበቅ ሐሚልተን ዕድሜው አይፈቅድለትም።

አሁን ያን አስከትለህ ሂድ ያልኩትን ሰው ልንገርህ። ፒተር ቦኒንግተን ይባላል፤ መርሴዲስ ቤት ከ2013 ጀምሮ በሐሚልተን ጆሮ ውስጥ የነበረ መሐንዲሱ ነው። የውድድር መሐንዲስ ማለት በሬዲዮ ጎማ ቀይር የሚል ሰው ብቻ አይደለም። አሽከርካሪው «መኪናው ሰነፈብኝ» ሲለው የትኛው ጎማ፣ በየትኛው ኩርባ፣ በመግቢያው ወይስ በመውጫው መሆኑን ሳይጠይቅ የሚያውቅ ሰው ነው። መቼ ዝም እንደሚባልም ያውቃል። ቦኒንግተን መርሴዲስ ቀረ፤ ማዕረጉም እዚያው ከፍ አለ፤ በ2025 የአንቶኔሊ መሐንዲስ ሆነ። ሐሚልተንን የተረከበው ሪካርዶ አዳሚ ቀደም ሲል ከሴባስቲያን ፌትልና ከካርሎስ ሳይንዝ ጋር የሠራ ብቁ ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ በሬዲዮ ስትሰማቸው ግን አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ያልተጠየቀውን ይመልስ ነበር። ሐሚልተን ፌራሪ ውስጥ ቦታ፣ ደመወዝና ረጅም ውል ሲደራደር አንዱን ነገር ቀንሶም ቢሆን ይህን ሰው፣ እሱ ካልተቻለ ከእሱ ሥር የሠራ ሌላ መሐንዲስ ይዞ መሄድ ነበረበት ብዬ አምናለሁ። እርግጥ ሰው በውል የሚጫን ዕቃ አይደለም፤ እምቢ ሊል ይችላል። ሹማከር ግን ሮስ ብራውንና ሮሪ በርን ከቤኔተን ተከትለውት መጥተዋል፤ የፌራሪ የድል ዘመን የተጀመረው እነሱ ከደረሱ በኋላ ነው።

ጓደኞችህ ሊያነሡት የሚችሉት ሌላ ነገር «ሁለተኛ አሽከርካሪ» መሆን ነው። ይህ እንኳን ለሐሚልተን ትልቅ ስጋት አልነበረም፤ የእሱን ስም የያዘ ሰው አሳልፍ ቢባል በምክንያት ነው። ለሌሎች ግን ቡድን የሚያስቀይር ጉዳይ ነው። በ2002 ኦስትሪያ ላይ የሹማከር የፌራሪ አጋር ሩበንስ ባሪኬሎ መሪ ሆኖ ሳለ መጨረሻው መስመር ሲደርስ ለሹማከር እንዲለቅ ታዘዘና ለቀቀ። ዳንኤል ሪካርዶም በ2018 መጨረሻ ሬድ ቡልን የለቀቀው ቡድኑ በፈርስታፐን ዙሪያ እየተገነባ መሆኑን ስላየ ነው። ወደ ሬኖ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ማክላረን። በ2021 ሞንዛ ላይ አንድ ጊዜ አሸነፈ፤ በ2022 መጨረሻ ውሉ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ያን ዓመት ሬድ ቡል ላይ ቢቆይ ምን ይሆን ነበር የሚለውን እኔ አልደፍረውም። ያየውን ነገር ግን በትክክል አይቷል።

ሳይንዝን ደግሞ ተመልከተው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቡድን እንዲቀይር የተገደደው እሱ ነው። በ2023 ከሬድ ቡል ውጭ ውድድር ያሸነፈ ብቸኛ ሰው እሱ ነበር፤ ሲንጋፖር ላይ። ፌራሪ ለሐሚልተን ቦታ እንዲለቅ ነገረውና ወደ ዊሊያምስ ሄደ። በ2025 በዊሊያምስ ባኩና ኳታር ላይ ሦስተኛ ሆኖ ሁለት ጊዜ መድረክ ወጣ። ፌራሪ በቀይ ልብስ ያስገባው ሰው ደግሞ አንድም። ካፌ ውስጥ ይህን ብታነሣ ክርክሩ እንደገና ይቀሰቀሳል፤ እኔ ግን የአንድ ዓመት ገጠመኝ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

መቆየትም ውሳኔ መሆኑን እንዳትረሳ። ላንዶ ኖሪስ ከ2019 ጀምሮ ማክላረንን አልለቀቀም። በ2023 መጀመሪያ መኪናው ከኋላ ሲንከባለል ውሉ እስከ 2025 ስለነበረ ሁሉም አዘነለት። እሱ ግን በጃንዋሪ 2024 ውሉን አራዘመ፤ በ2025 ሻምፒዮን ሆነ። ኖሪስም ያየው ሠንጠረዡን አልነበረም። አንድሬያ ስቴላ ቡድኑን ከተረከበ በኋላ በ2023 አጋማሽ የመጣው ማሻሻያ መኪናውን እንዴት እንደለወጠው በመሪው ተሰምቶታል። አሽከርካሪ በራሱ ቡድን ላይ ያለው መረጃ ከውጭ ከሚሰማው ሁሉ ይበልጣል፤ ለዚህም ነው መቆየት ከመሄድ ይልቅ ለመገመት የሚቀለው።

ስለ ውሉ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። በ1991 ሹማከር ቤልጅየም ላይ ለጆርዳን ከተወዳደረ በኋላ በሚቀጥለው ውድድር ቤኔተን መኪና ውስጥ ተገኘ። ያ ውዝግብ ካለፈ በኋላ የውል እውቅና ቦርድ የሚባል አካል ተቋቋመ። ቡድኖች ውላቸውን እዚያ ያስመዘግባሉ፤ ሁለት ቡድን አንድን አሽከርካሪ የእኔ ነው ሲል የሚዳኘው እሱ ነው። በ2022 አልፒን ኦስካር ፒያስትሪን የሚቀጥለው ዓመት አሽከርካሪዬ ብሎ አስታወቀ፤ ልጁ በዚያው ቀን አልፈረምሁም አለ፤ ቦርዱም ለማክላረን ፈረደ። የሐሚልተን ጉዳይ እዚያ እንኳን አልደረሰም። በሩ በውሉ ውስጥ ተጽፎ ስለነበር ከፍቶ ወጣ።

የ2026 የውድድር ዘመን በማርች ሜልበርን ላይ ሲጀመር እኛ ጋ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ካፌው ያኔ ካልተከፈተላችሁ በስልክ እዩት። ነጥቡን ለጊዜው ተወው። በማጣሪያው ዙር ሐሚልተንና ሌክሌር መካከል ያለውን ልዩነት በሰከንድ ጻፍ፤ መኪናው አንድ ስለሆነ ሰውየውን ብቻ የሚለካልህ እሱ ነው። ቀጥሎ ሦስተኛውን ኩርባ ተመልከት፤ ከረጅም ቀጥታ በኋላ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ፣ ከባድ ፍሬን የሚጠይቅ ቦታ ነው። የፊት ጎማው ተቆልፎ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ እግሩ ገና አላመነም። በሬዲዮም ምን ያህል ጥያቄ እንደሚደጋገም ቁጠር። ከአምስት ስድስት ውድድር በኋላ ቁጥሮቹን ይዘህ ጻፍልኝ፤ ሂድ ማለቴ ትክክል መሆን አለመሆኑን አብረን እናየዋለን።